ብቸኝነት ሲከብድ ውሻ ወይም ድመት ማሳደግ ደስተኛ ያደርጋል? (ከማምጣታችሁ በፊት አንብቡት)



የዛሬው ርዕስ አንዳንዶቻችሁን «ዶክተሩን ደግሞ ምን ነካው?» ሊያሰኝ ይችላል። ግን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነገር ስለሆነ ዛሬ በደንብ እንየው። ጥያቄው «ብቸኝነት አስቸግሮኛል፣ ቤት ስገባ ይጨንቀኛል፣ ውሻ ወይም ድመት ባሳድግ ይሻለኛል ወይ?» የሚል ነው። ስልካችንን በከፈትን ቁጥር ውሻ አቅፎ የሚስቅ ሰው ስለምናይ ጥያቄው እየበዛ መጥቷል። አንዱ ከአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም፣ አንዷ ከውጭ አገር፣ ሌላው ከእኛው ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ነው የሚጽፈው።

አጭሩን መልስ መጀመሪያ ልንገራችሁ፤ የቸኮለ እሱን አንብቦ ይሂድ። እንስሳ ወደ ቤት ይዞ የሚመጣው ሥራ ነው። ያ ሥራ የጎደላችሁን ነገር የሚሞላ ከሆነ ደስ ያሰኛችኋል። የጎደላችሁ ሌላ ነገር ከሆነ ደግሞ በጭንቀት ላይ ጭንቀት ይጨምርላችኋል። ያልተከተበ ውሻ ከሆነማ ሕይወትም ያስከፍላል። ረጅሙን መልስ የምትፈልጉ ቡናችሁን ይዛችሁ ቀጥሉ።

እንስሳ መውደድ የፈረንጅ ነገር ነው?

«ከውሻ ጋር መጫወት የፈረንጅ አመል ነው» የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። የምዕራብ ጎጃም ገበሬ በሬውን በስም ነው የሚጠራው። ቦራ ይለዋል፣ ዳለቻ ይለዋል። ሲያርስ ያናግረዋል፣ ይገሥጸዋል፣ ሲደክመው ያባብለዋል። በሬ የሞተበት ቤት ጎረቤት ሄዶ «እግዜር ይተካላችሁ» ይላል። የደጋ ዳሞቷ ፈረስ ቤት ስሟ ራሱ ፈረስ ነው። ጎረቤቶቻችን አገዎች በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ፈረሶቻቸውን አስጊጠው ሲወጡ ያየ ሰው፣ እዚህ አገር እንስሳ አይወደድም አይልም። ነገሥታቱስ ቢሆኑ በፈረሳቸው ስም አይደል የሚጠሩት? ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ደግሞ አባ ጠና ነበሩ። አጼ ኃይለ ሥላሴም ሉሉ የሚሉት ከአጠገባቸው የማይጠፋ ትንሽ ውሻ ነበራቸው።

ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? ከሉሉ በቀር እነዚህ ሁሉ ሥራ ያላቸው እንስሳት ናቸው። በሬው ያርሳል፣ ፈረሱ ይጋልባል፣ ውሻው ጅብና ሌባ ይጠብቃል፣ ድመቷ አይጥ ትይዛለች። ለፍቅርና ለጨዋታ ብቻ ቤት ውስጥ ለሚኖር እንስሳ አማርኛችን ራሱ የተለየ ስም አላወጣለትም። «የቤት እንስሳ» ስንል ላሟም በጓም ዶሮዋም አሉበት።

ይህን ያነሳሁት ለወሬ አይደለም። ገጠር ያለ ሰው እንስሳ ከመንከባከብ የሚገኘውን ጥቅም ሳያውቀው ቀድሞ እያገኘው ነው። ከብት ያለው ሰው ቢከፋውም ባይከፋውም ጎህ ሲቀድ ይነሳል፤ ያሰማራል፣ ያጠጣል፣ ማታ ይቆጥራል። የሚጠብቀው ነፍስ አለ። ጥያቄው በይበልጥ የሚመለከተው ከዚህ ኑሮ የወጣውን ሰው ነው። ጡረታ የወጣ፣ ልጆቹ የተበተኑበት፣ ለሥራ ከተማ ገብቶ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር፣ በስደት አገር በረዶ ሲወርድ በመስኮት የሚያይ ሰው ማለቴ ነው።

ጥናቶቹ ምን ይላሉ?

ደጋፊ የሆኑትን አስቀድሜ ላቅርብ። በ1980 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ ታዋቂ ጥናት በድንገተኛ የልብ ሕመም ሆስፒታል የተኙ 92 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታተለ። በቤታቸው እንስሳ ከነበራቸው 53 ሰዎች መካከል የሞቱት 3 ናቸው። እንስሳ ካልነበራቸው 39 ሰዎች ግን 11 ሞቱ። በ2017 ደግሞ ስዊድኖች ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 80 የሆኑ 3.4 ሚሊዮን ሰዎችን መዝገብ ተመለከቱ። ብቻቸውን ከሚኖሩት ውስጥ ውሻ ያላቸው የመሞት ዕድላቸው በ33 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የጃፓን ተመራማሪዎችም በ2015 ሰውና ውሻ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ በሁለቱም ሰውነት ውስጥ ኦክሲቶሲን የሚባለው ሆርሞን እንደሚጨምር አሳዩ። ይህ ሆርሞን እናት ስትወልድና ስታጠባ የሚመነጨው ነው። የሚገርም ነው!

አሁን ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ ላፍስባችሁ። ሰዎች ጃንጥላ ይዘው በሚወጡበት ቀን ዝናብ ይበዛል። ዝናቡን ያመጣው ግን ጃንጥላው አይደለም፣ አይደል? ውሻ የሚያሳድግ ሰው ብዙ ጊዜ ድሮውንም መራመድ የሚችል፣ ግቢ ያለው፣ ለውሻ የሚተርፍ ገቢና ጉልበት ያለው ሰው ነው። በጠና የታመመና የተቸገረ ሰው መጀመሪያውኑ ውሻ አያመጣም። ስለዚህ ዕድሜውን ያረዘመው ውሻው ይሁን አቅሙ በእንዲህ ዓይነት ጥናት መለየት ይከብዳል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2013 ማስረጃዎቹን ሁሉ መርምሮ ውሻ ማሳደግ ለልብ ሳይጠቅም አይቀርም አለ። ግን ለልብ ጤና ብቻ ተብሎ እንስሳ መውሰድ እንደማይገባም አብሮ ጻፈ። የስሜት ጉዳይ ላይ ስንመጣ ውጤቶቹ ይባስ የተምታቱ ናቸው። እንስሳ ያላቸው ደስተኞች ናቸው የሚል አለ፤ ልዩነት የላቸውም የሚል አለ፤ ይበልጥ የተከፉ ናቸው የሚልም አለ።

እኔን ይበልጥ የሳቡኝ ሁለት ሌሎች ጥናቶች ናቸው። አንዱ በደቡብ ኮሪያ ተሠርቶ በ2016 የታተመ ነው። አረጋውያንን በዕጣ ለሁለት ከፈሉና ለአንዱ ወገን ምን ሰጡት መሰላችሁ? ሌሊት ሌሊት የምትጮኸዋን ፌንጣ! በሳጥን አድርገው፣ ከነምግቧ፣ ለ8 ሳምንት እንዲንከባከቧት ሰጧቸው። ፌንጣ ያሳደጉት አረጋውያን የድብርት መለኪያቸው ከሌሎቹ የተሻለ ሆነ። ለውጡ ትልቅ አይደለም፤ ግን ፌንጣ ናት እኮ! ሁለተኛው በ1976 አሜሪካ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ የተሠራ ነው። ለአንዱ ፎቅ ነዋሪዎች የሚያጠጡት ተክል ተሰጣቸው፣ የራሳቸውንም ጉዳይ ራሳቸው እንዲወስኑ ተነገራቸው። የሌላው ፎቅ ነዋሪዎችም ተክል ተሰጣቸው፣ ግን ነርሶች ያጠጡላቸው ነበር። የመጀመሪያዎቹ ነቃ አሉ፣ ደስተኞችም ሆኑ።

ከዚህ እኔ የምረዳው፣ የሚጠቅመው የእንስሳው ዓይነትና ውበት ሳይሆን አንድ ነፍስ እኛን ጠብቆ ማደሩ ነው። ውሻ በዚህ ላይ ሁለት ነገር ይጨምራል። ከቤት አውጥቶ ያራምዳችኋል፣ መንገድ ላይም ከሰው ጋር ያነጋግራችኋል። ውሻውን ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት አስራችሁ ፍርፋሪ የምትወረውሩለት ከሆነ ግን ከእነዚህ አንዱንም አታገኙም። እሱም ይቆጣል፤ የተቆጣ ውሻ ደግሞ ይነክሳል።

ከፈረስ ቤት የመጣ ጥያቄ

ተደጋግመው ከሚመጡልኝ ጥያቄዎች አንዱን፣ ማንነት እንዳይታወቅ አድርጌ ላቅርብላችሁ። አዲስ አበባ የምትሠራ ልጅ ናት። «አባቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ፈረስ ቤት ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። እናታችን ካረፈች ዓመት ሊሆናት ነው። ስደውል ድምፃቸው ጠፍቷል፣ "ደህና ነኝ" ብለው ይዘጉታል። አንድ ቆንጆ የፈረንጅ ቡችላ ገዝቼ ልላክላቸው?» ትላለች።

እህቴ፣ ሐሳብሽ የፍቅር ነው። ግን ቡችላውን ከመግዛትሽ በፊት መልስ የሚፈልግ ጥያቄ አለ። አባትሽ የጎደላቸው ጨዋታ ነው፣ ሥራ ነው፣ ወይስ ታመዋል?

ሐዘን በሽታ አይደለም። የ40 ዓመት የትዳር ጓደኛውን ያጣ ሰው ቢያለቅስ፣ ቢጨልምበት ተገቢ ነው። ድባቴ ግን ሌላ ነገር ነው። ቢያንስ 2 ሳምንት ሙሉ፣ በየቀኑና ቀኑን አብዛኛውን ስሜት ሲጨልም፣ ወይም ድሮ ደስ ይል የነበረው ነገር ሁሉ ጣዕሙ ሲጠፋ፤ በዚያ ላይ እንቅልፍ እምቢ ሲል ወይም ሲበዛ፣ ምግብ ሲዘጋ፣ ጉልበት ሲከዳ፣ ሐሳብ ሲበታተን፣ ሰውየው ራሱን እንደ ሸክም ሲቆጥር ድባቴን እንጠረጥራለን። በእኛ አገር ሰው ደግሞ «ከፋኝ» ብሎ ሐኪም ቤት አይመጣም። «ልቤን ያቃጥለኛል፣ ራሴን ይወቅረኛል፣ ወገቤን ይቆረጥመኛል» ብሎ ነው የሚመጣው። ስለዚህ «ደህና ነኝ» የሚለውን ትቶ፣ ስንት ሰዓት እንደሚተኙ፣ ምን እንደበሉ፣ ቤተ ክርስቲያን መሄድ፣ ማኅበርና ዕድር ላይ መገኘት ትተው እንደሆነ መጠየቅ ነው። ከአንቺ ይልቅ ጎረቤት ያውቃል፤ ጎረቤትን ጠይቂ። «ምነው በሞትኩ» ማለት ከጀመሩ ደግሞ ለነገ የሚባል ነገር የለም፤ በዚያው ቀን ሰው አጠገባቸው ሆኖ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዳቸው።

ድባቴ የሚታከም በሽታ ነው፤ በምክር ይታከማል፣ ሲያስፈልግ በመድኃኒት ይታከማል። ድባቴ ለያዘው ሰው ቡችላ መስጠት እግሩ ለተሰበረ ሰው ጫማ እንደ መግዛት ነው። ጫማው ጥሩ ነው፣ ግን እግሩ መጀመሪያ ይታከም። እንዲያውም ከአልጋው መነሳት ያቃተው ሰው ሌሊት የሚያለቃቅስ፣ በየቦታው የሚሸና ቡችላ ሲሰጠው «ይህችን እንኳ አልቻልኩም» ብሎ ይበልጥ ራሱን ይወቅሳል።

እግረ መንገድሽን ምርመራ ይደረግላቸው። የደም ማነስ፣ ስኳር፣ የእንቅርት እጢ ሥራ መቀነስ (እንቅርት በደጋው አገራችን ብርቅ አይደለም) ሁሉም ሰውን ያደክማሉ፣ ያደበዝዛሉ። ጆሯቸውንም አትርሺ። በደንብ የማይሰማ ሽማግሌ ጨዋታ ስለሚያመልጠው ከሰው ይሸሻል፤ ልጆቹ ግን አኩርፏል ይላሉ። በስልክ ድምፃቸው የጠፋው ምናልባት የአንቺን ድምፅ በቅጡ ስለማይሰሙ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ታይቶ አባትሽ ጤነኛ ከሆኑ፣ የጎደላቸውም የሚያዩት፣ የሚያናግሩት፣ የሚጠብቁት ነገር ከሆነ፣ አዎ፣ እንስሳ ሊጠቅማቸው ይችላል። ያኔም ቢሆን መጠየቅ ያለባቸው እሳቸው ናቸው። በጻፍሽልኝ ውስጥ አባትሽ ውሻ ይወዱ አይወዱ አንድም ቃል አላየሁም! በብዙ ቤት ውሻ ግቢ ይኖራል እንጂ ከመኝታ ቤት አይገባም፤ በተለይ ለጸሎትና ለንጽሕና የሚጠነቀቁ አባቶች ዘንድ። ሳይጠየቁ የመጣ ቡችላ ለእሳቸው ስጦታ ሳይሆን የማይመለስ እንግዳ ነው።

ወደዱት እንበል። ያኔም ቡችላ አልመርጥላቸውም። ቡችላ እግር ለእግር ይሮጣል፣ አረጋዊን ይጠልፋል። በዚያ ዕድሜ ወድቆ ዳሌን መስበር ቀላል ነገር አይደለም። ከውጭ ዝርያ ይልቅም የደጋውን ብርድ የለመደ፣ አመሉ የታወቀ፣ የተከተበ፣ ትልቅ የአገራችን ውሻ ይሻላቸዋል። ደግሞ ውሻ 10 እና 12 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይኖራል። አባትሽ ለሕክምና ባሕር ዳር ቢሄዱ፣ ለፋሲካ አዲስ አበባ ቢመጡ ማን ያበላዋል? የጎረቤት ልጅ እሺ ካለ ጥሩ። ካላለ ቆም ብለሽ አስቢ።

ሌላም መንገድ አለ። የመምህሩ የልጅነት ኑሮ ከብት ጥበቃ ከነበረ 2 በግ ወይም ጥቂት ዶሮ ከማንኛውም ቡችላ ይልቅ ሊቀርባቸው ይችላል። ጠዋት ያስነሳቸዋል፣ ያንቀሳቅሳቸዋል፣ እንቁላሉን ለጎረቤት ልጅ ሲሰጡ ጨዋታ ይከፈታል። ጎጃም ደግሞ የማር አገር ነው፤ ጓሮ ውስጥ ቀፎ ያለው ጡረተኛ «የማደርገው አጣሁ» ሲል አልሰማሁም። (ንብ የሚያሳብጠው ሰው ግን ይህን ይተው።)

ወጪውና ጣጣው

አሁን ወደ ሁላችሁም ልመለስ። «ውሻ ምን ወጪ አለው፣ ትርፍራፊ ይበላል» የምትሉ አላችሁ። ከቤት የተረፈ እንጀራ ብቻውን አይበቃውም። ክትባት አለ፣ የሆድ ትል መድኃኒት አለ፣ ቁንጫና መዥገር አለ፣ ሲታመም ሐኪም አለ። ኮንዶሚኒየም ለምትኖሩ ደግሞ ጎረቤት አለ፤ ቀኑን ሙሉ ብቻውን ተዘግቶ የሚጮህ ውሻ ከጎረቤት ያጣላችኋል። ቤታችሁ ውስጥ አስም ያለበት ሰው ካለ፣ እንስሳው ያለበት ቤት ሄዶ ደጋግሞ ይቀመጥና ይታይ። ደረቱ ከተዘጋ ጉዳዩ እዚያው ያበቃል።

ድመትን በተመለከተ እርጉዝ እናቶች ብዙ ስለምትጠይቁ ባጭሩ ልንገራችሁ። በድመት ዓይነ ምድር በኩል የሚተላለፍ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ተሐዋሲ አለ፤ በእርግዝና ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ከያዘ ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። ድመቷን ማባረር አያስፈልግም። ዓይነ ምድሯን ሌላ ሰው ያንሳ፣ በየቀኑም ይነሳ፤ ከወጣ በኋላ ሰው ለመያዝ ቢያንስ አንድ ቀን ይፈጅበታልና። አትክልት በደንብ ይታጠብ። እና ጥሬ ሥጋ ይቅር! ድመቷን አባርሮ ክትፎ የሚበላ ቤት የተሳሳተውን ነው ያባረረው።

አንድ በዓል በመጣ ቁጥር የማየው ነገር አለ። በግ ወይም በሬ ይታረድና ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይገኛል። «ይኼ አይበላም» ተብሎ ለውሻ ይወረወራል። ያ ከረጢት የትል እጭ ነው። ውሻው ሲበላው አንጀቱ ውስጥ ትል ይሆናል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፤ ፀጉሩ ላይ፣ አፈሩ ላይ ይቀራል። ውሻውን ደባብሶ እጁን ሳይታጠብ የበላ ልጅ ከዓመታት በኋላ ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ያው ከረጢት ይበቅልበታል፤ አንዳንዱ በቀዶ ሕክምና ነው የሚወጣው። ስለዚህ ከረጢት ያለበትን ሆድ ዕቃ አቃጥሉት ወይም ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው አድርጋችሁ በጥልቀት ቅበሩት። ለውሻውም የእንስሳት ሐኪም በሚያዘው ጊዜ የትል መድኃኒት ስጡት።

ከሁሉ በላይ፦ የእብድ ውሻ በሽታ

እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ ባደርግ ይቅርታ አድርጉልኝ። ደስታ ፍለጋ የመጣ ቡችላ ቤቱን ለቅሶ ቤት የሚያደርግበት ዋናው መንገድ ይህ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ሰው ላይ አንዴ ከታየ የሚያድን ሕክምና የለውም፤ የዳኑት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ አብዛኛው አፍሪካና እስያ ውስጥ ነው። ወደ ሰው ከሚተላለፈው 99 በመቶ ያህሉ ከውሻ ነው። በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት ከ10ሩ 4ቱ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው።

ለአገራችንም አዲስ አይደለም፤ በፈረንጆቹ 1903 አዲስ አበባ ላይ በውሾች ውስጥ ወረርሽኙ ተነስቶ እንደነበር ተመዝግቧል። መከላከያው ደግሞ ከዚያም በፊት ነበረ። ሉዊ ፓስተር በ1885 ጆሴፍ ማይስተር የሚባል በእብድ ውሻ የተነከሰ የ9 ዓመት ልጅ ከትቦ አትርፎታል። አዲስ አበባ ውስጥ «ፓስተር» የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው በዚህ ሰው ስም ከተቋቋመው ኢንስቲትዩት ነው። ከ130 ዓመት በላይ መከላከያ ያለው በሽታ ዛሬም ልጆቻችንን ይገድላል። ያናድዳል!

ተንኮሉ መዘግየቱ ላይ ነው። ቫይረሱ ከንክሻው ቦታ በነርቭ ውስጥ እየሄደ አንጎል ይደርሳል። ብዙ ጊዜ 2 ወይም 3 ወር ይፈጅበታል፤ አንዳንዴ ሳምንት፣ አንዳንዴ ዓመት። ቁስሉ ይድናል፣ ሰው ይረሳል። በዚህ መሃል የአገር መድኃኒት የወሰደ ሰው «ዳንኩ» ይላል፣ ለሌላውም ይመክራል። በእርግጥ ያን ጊዜ ውሻው እብድ አልነበረም ይሆናል፤ ወይም በሽታው ገና መንገድ ላይ ነው።

ደግሞም «እብድ ውሻ ውሃ ይፈራል፣ የእኛው ግን ይጠጣል» እያላችሁ አትዘናጉ። ውሃ መፍራት በዋናነት የታመመ ሰው ምልክት ነው። ውሻው ላይ የምታዩት የጠባይ መለወጥ ነው። የሚላመደው ይሸሻል፣ ይሸሽ የነበረው ይጠጋል፤ ያለ ምክንያት ይነክሳል፣ እንጨትና ድንጋይ ያኝካል፣ ምራቁ ይዝረበረባል፣ ድምፁ ይጎረናል፣ ዝም ብሎ ይንከራተታል። አንዳንዱ ደግሞ ምንም ሳይቆጣ መንጋጋው ይወርዳል፣ ኋላ እግሩ ይሰንፋል፣ ጥግ ይዞ ይተኛል። «አጥንት ጉሮሮው ላይ ተቀርቅሮበታል» ብለው እጃቸውን አፉ ውስጥ የሚከቱት ያኔ ነው። አታድርጉት። ቡችላም ሊያዝ ይችላል፤ ድመትም እንዲሁ።

ስለዚህ ውሻ ልታመጡ ካሰባችሁ፣ ስለ ስሙና ስለ ቤቱ ከማውራታችሁ በፊት የወረዳችሁን የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ጠይቁ። «ክትባት አላችሁ? መቼ ላምጣው?» በሉ። ቡችላ ብዙ ጊዜ 3 ወር ሲሞላው ይከተባል፤ ድጋሚውን ባለሙያው ይነግራችኋል፣ አብዛኛውን ጊዜ በየዓመቱ ነው። የተከተበበትን ወረቀት እንደ ልጅ የክትባት ካርድ አስቀምጡት። ክትባት ማግኘት የማትችሉበት ቦታ ከሆናችሁ፣ ትንንሽ ልጆችም ቤት ውስጥ ካሉ፣ የእኔ ምክር «ለአሁኑ ይቅር» ነው።

ከተነከሳችሁ (ጭረትም ቢሆን፣ ቁስል ላይ ምላሱ ቢያርፍም) ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡ። 15 ደቂቃ ረጅም ነው፤ ሰዓት ያዙ። ይህ ሥራ ብቻውን ብዙ ቫይረስ ያጥባል፣ ሳሙናና ውሃም የሌለበት ቤት የለም። ቀጥሎ አልኮል ወይም አዮዲን ካለ ቀቡት። በርበሬ፣ ነጭ ጋዝ፣ የቡና ዱቄት፣ ቅጠል አትነስንሱበት። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ጠበል መጠመቅ የምትፈልጉ ተጠመቁ፤ ክትባቱን ግን በምንም ምክንያት አትዝለሉ። «ሆድ ላይ 14 መርፌ ይወጋል» እየተባለ የሚወራው የድሮው ክትባት ነው። ዘመናዊው ክንድ ላይ በጥቂት ቀጠሮ የሚሰጥ ነው፤ ቁስሉ ከባድ ከሆነ ደግሞ ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋ ተጨማሪ መድኃኒት አለ። ውሻው የታወቀ ከሆነ አትግደሉት፤ አስራችሁ 10 ቀን ጠብቁት። በ10 ቀን ውስጥ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ሐኪማችሁ ክትባቱን ሊያስቆም ይችላል። ግን ውሻውን እያያችሁ ክትባቱን ሳትጀምሩ አትቆዩ።

የሰው ክትባት በሁሉም ጤና ጣቢያ አይገኝም። መንገድ የሚዘጋበት ቀንም አለ። ስለዚህ ከመነከስ በፊት ስልክ ደውላችሁ ፈረስ ቤት፣ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ሆስፒታል የትኛው ጋ እንዳለ አጣሩ፤ ቁጥራቸውን ስልካችሁ ላይ ያዙ።

የመጨረሻው ለወላጆች ነው። ልጆች ሲነከሱ ይደብቃሉ፤ ውሻውን ስለነካኩ እንዳይመቱ፣ ወይም የሚወዱት ውሻ እንዳይገደልባቸው ይፈራሉ። ዛሬ ማታ እራት ላይ ልጃችሁን አስቀምጡና «ውሻም ሆነ ድመት ቢነክስህ ወይም ቢቧጭርህ ለእኔ ንገረኝ፣ አልቆጣህም፣ ውሻውንም አንገድለውም» በሉት። ልጁ ውሻ ባይኖረውም ይነገረው፤ የሚነክሰው የጎረቤት ሊሆን ይችላልና።